ሉዊ ፓስተር እና የውሻ ክትባት፦ የክትባት ዓይነትና የጥበቃ ዕድሜ ታሪካዊ ዝምድና

አንድ ውሻ በየዓመቱ ወይስ በየሦስት ዓመቱ ይከተብ የሚለው ጥያቄ፣ ክትባቱ ከምን ተዘጋጀ ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ መልስ አያገኝም። የሁለቱ ዝምድና ቀደም ብሎ ጎልቶ የታየው በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ የፓስተርን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ በዶል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ በማልፋት ሥራ ይተዳደር ነበር። የፓስተር ሙያ ኬሚስትሪ እንጂ ሕክምናም ሆነ የእንስሳት ሕክምና አልነበረም። በ1854 ወደ ሊል ተዛውሮ የመብላላትን ሂደት መረመረ፤ ከ1865 ጀምሮ ደግሞ የሐር ትል በሽታን አጠና። በ1868 በደረሰበት የአንጎል ደም መፍሰስ የግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ስለዚህ የክትባት ሥራዎቹ የተከናወኑት በአብዛኛው በረዳቶቹ፣ በተለይም በኤሚል ሩ እና በሻርል ሻምበርላን እጅ ነው።

በ1880 ፓስተር የዶሮ ኮሌራ ተህዋስ ሲቆይ ኃይሉ እንደሚደክም፣ የደከመው ተህዋስ የተሰጣቸው ዶሮዎችም ብርቱውን እንደሚቋቋሙ አስታወቀ። በ1881 በፑዪ ለ ፎር በአባ ሰንጋ ላይ ባደረገው የአደባባይ ሙከራ፣ በውጤቱ ቀን የተከተቡት በጎች በሕይወት ሲገኙ ያልተከተቡት ሞቱ። የላቦራቶሪ ማስታወሻዎቹ ከጊዜ በኋላ ሲመረመሩ፣ በዚያ ሙከራ ያገለገለው ክትባት ሻምበርላን በፖታሲየም ባይክሮሜት ያዘጋጀው እንደነበር ታውቋል። የአባ ሰንጋው ክትባት ሌላም ትምህርት ሰጠ፤ ጥበቃው በጊዜ ብዛት ስለሚቀንስ መንጋው በየዓመቱ እንደገና መከተብ ነበረበት።

የእብድ ውሻ በሽታ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ አምጪው ቫይረስ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ በብርጭቆ ዕቃም አይራባም። ፓስተርና ረዳቶቹ ቫይረሱን በሕያው እንስሳት ውስጥ ማሳለፍ ጀመሩ። በጥንቸሎች ሲተላለፍ በረታ፤ በዝንጀሮዎች ሲተላለፍ ግን ለውሻ ደከመ። በ1884 አንድ የመንግሥት ኮሚሽን ከተከተቡት 23 ውሾች አንዱም እንዳልታመመ፣ ካልተከተቡት 19 ግን አብዛኞቹ እንደታመሙ አረጋገጠ። ቀጥሎ የታመመ ጥንቸል ሕብለ ሰረሰር በደረቅ አየር የሚደርቅበት ዘዴ ተፈለሰፈ። ክትባቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ በሽታ የማስያዝ ኃይሉን ካጣው ይጀምርና ቀን በቀን ወደ ትኩሱ ያመራል። በዛሬ አነጋገር፣ ከሞተው ክትባት ተነሥቶ በሕያው የሚፈጸም ቅደም ተከተል ነበር። በዚህ ዘዴ 50 ውሾች በሽታውን እንዲቋቋሙ ተደረገ።

ሆኖም የፓስተር የመጀመሪያ ሐሳብ፣ ውሾችን ሁሉ በመከተብ በሽታውን ከምንጩ ማድረቅ፣ ሊሳካ አልቻለም። በስሌቱ በፓሪስ ብቻ 100 ሺህ፣ በመላ ፈረንሳይ 2.5 ሚሊዮን ያህል ውሾች ነበሩ። ብዙ መርፌ የሚጠይቅ ክትባት ለዚህ ሁሉ ውሻ ማዳረስ አይቻልም ነበር። በሽታው ከንክሻ በኋላ ለሳምንታት ተደብቆ መቆየቱ ግን የተነከሰን ሰው ቀድሞ ለመከተብ ዕድል ሰጠ። ከጁላይ 6 ቀን 1885 ጀምሮ የ9 ዓመቱ ዮሴፍ ማይስተር በ10 ቀናት ውስጥ 13 መርፌ ተወግቶ ዳነ። የፓስተር ኢንስቲትዩት በ1888 ተመረቀ፤ እርሱም ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 የሙከራ ውሾቹ በሚጠበቁበት በቪልኔቭ ሌታን አረፈ።

የውሾቹ ጥያቄ መልስ ያገኘው በሌሎች ሥራ ነው። በ1921 ጃፓናውያኑ ኡሜኖ እና ዶይ በአንድ መርፌ ብቻ የሚሰጥ የውሻ ክትባት አቀረቡ፤ የጅምላ ክትባትም የሚቻል ሆነ። ዛሬ ለዲስተምፐርና ለፓርቮ የሚሰጡት የተዳከሙ ሕያው ክትባቶች፣ የቡችላነቱ ዙር በአግባቡ ከተጠናቀቀ፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይጠብቃሉ። የተገደለው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደ አሠራሩና እንደ ፈቃዱ ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ከተገደለ ባክቴሪያ የሚሠራው የሌፕቶስፒራ ክትባት ግን በየዓመቱ መደገም አለበት። ቡችላ ከእናቱ የሚያገኘው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፍ ስለሚችል፣ የሕያው ክትባቶቹ የመጨረሻ ዙር በ16 ሳምንት ዕድሜ ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል።

የፓስተር ውርስ በአገራችንም ይገኛል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አንዱ መነሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ዛሬም በአገራችን ሰው ይገድላል፤ ዋናው አስተላላፊም ውሻ ነው። ስለዚህ ፓስተር ሳይፈጽመው የቀረው ዕቅድ ለእኛ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በዘመቻ የተከተቡ ውሾችን ቁጥር ብቻ መመዝገብ አይበቃም፤ የክትባቱ ዓይነትና የጥበቃ ዘመኑ አብረው ካልተመዘገቡ፣ የትኛው ውሻ ዛሬም እንደተጠበቀ ማወቅ አይቻልም።