ዓይኑ ሲደክም በእጁ የሠራ ሠዓሊ

ኤድጋር ደጋ የተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በ1834 ዓመተ ምሕረት በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ተወለደ። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሞተችበት። በ1853 ሕግ ይማር ዘንድ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ልቡ ከሥዕል ጋራ ስለ ነበረ የሕጉን ትምህርት ተወው። ከዚህ በኋላ ወደ ኢጣልያ ሄዶ የቀድሞ ታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እየተመለከተ፥ እየደጋገመም እየሣለ፥ ዓይኑንና እጁን አሠለጠነ።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩስያ በተዋጉ ጊዜ ደጋ ፓሪስን ለመጠበቅ ወታደር ሆነ። በጠመንጃ ማነጣጠር ሲለማመድም ቀኝ ዓይኑ ደኅና አድርጎ እንደማያይ ዐወቀ። ከዚያ ወዲህ ዕውር እሆናለሁ የሚል ፍርሃት ያስጨንቀው ነበር። ብርቱ ብርሃንም ያሳምመው ጀመር፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር የዓይኑ ብርሃን እየቀነሰ ሄደ።

ሠዓሊ ዓይኑ ከደከመ ምን ይቀረዋል? ደጋ እጁ ቀረለት። ቀድሞም አንዳንድ ጊዜ ከሰም ምስል ይሠራ ነበር። በ1881 ከሰም የሠራትን የአንዲት ትንሽ ተወዛዋዥ ልጅ ምስል፥ የጨርቅ ቀሚስ አልብሶ፥ ለሕዝብ አሳየ። ብዙዎች ግን አስቀያሚ ናት ብለው ነቀፉት። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ሌላ ምስል ለሕዝብ አላሳየም፤ ሥራውን ግን አልተወም። ዓይኑ እየደከመ በሄደ መጠን ወደዚህ ሥራ ይበልጥ አዘነበለ። በቤቱ ተቀምጦ ሽቦውን እንደ አጥንት ያቆማል፤ በላዩም ሰምና ጭቃ በጣቶቹ እየለጠፈ የሚሮጥ ፈረስን፥ በአንድ እግሯ የቆመች ተወዛዋዥን ይሠራል። ምስሉ ቢሰበርበት እንደ ገና ይጀምር ነበር። ሐዘንና ቍጣ ከእርሱ አልራቁም፤ ነገር ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

ደጋ በ1917 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። በቤቱም 150 ያህል ምስሎች ተገኙ፤ ብዙዎቹ ተሰባብረው ነበር። ከ70 የሚበልጡት ግን ከሞተ በኋላ በነሐስ ተቀርጸው ዛሬ በብዙ አገር ቤተ መዘክር ይታያሉ። ያች የተነቀፈችው ትንሽ ልጅም ከሁሉ ይልቅ የተወደደች ሆናለች።

ልጆች ሆይ፥ የደጋ እጅ በጨለማ ጊዜ የረዳው በብርሃን ጊዜ ስለ ተማረ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራልና፥ ዓይናችሁ ጤና፥ ጕልበታችሁም ብርቱ ሳለ ትጉ። ከተሰጣችሁም አንዱ ቢወሰድባችሁ፥ የቀረላችሁን ፈልጋችሁ ሥሩበት።