ንጉሥ ሚካኤልና የ1909 ዓ.ም. የሥልጣን ክርክር

ሥልጣን የሚሹ ሰዎች እርስ በርሳቸው መከራከራቸው በየአገሩ የነበረና ያለ ነገር ነው። ክርክሩ በሥራና በምክር የሆነ እንደ ሆነ አገርን ያቀናል፤ በሐሜትና በሃይማኖት መነቃቀፍ የሆነ እንደ ሆነ ግን ድል የነሣውንም ድል የተነሣውንም ይጎዳል። ለዚህ ነገር የወሎው ንጉሥ የሚካኤል ታሪክ ምስክር ይሆናል።

ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱት በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ከወረ ሂመኖ መሳፍንት ወገን ነበሩ፤ የልጁም ስም መሐመድ ዓሊ ይባል ነበር። ወረ ሂመኖ ከአቀስታ በስተ ሰሜን ያለው የተንታና የመቅደላ ደጋ ነው። በዚያ ዘመን የወሎ መሳፍንት ቤት ተከፍሎ፥ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት በልጆቻቸው ስም ይፎካከሩ ነበር። ከውጭ የሚመጣውም ኃይል ሁሉ አንዱን ወገን እየደገፈ ሌላውን ያደክም ስለ ነበር፥ መሐመድ ዓሊ ገና በወጣትነታቸው የወገን ፉክክር ምን ያህል ሕዝብ እንደሚያጠፋ አይተው አደጉ።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የሃይማኖት ክርክር በዚያ ከተቆረጠ በኋላ የወሎ ሹማምንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሡዋቸውም ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። ባላንጣቸው ኢማም አመዴ ሊበን፥ በፈረስ ስማቸው አባ ዋጠው፥ ኃይለ ማርያም ሲባሉ የክርስትና አባታቸው ንጉሥ ምኒልክ ሆኑ። ስለዚህ ጥምቀቱ የነፍስ ነገር ሆኖ ሳለ የወገን ምልክት ደግሞ ሆነ። የዚያ ቀን ፍሬ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ታየ።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ራስ ሚካኤል ለአፄ ምኒልክ ገቡ፤ የንጉሠ ነገሥቱንም ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የወሎን ፈረሰኛ እየመሩ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ከሰበሩት አንዱ ሆኑ። በአገራቸውም ደሴን ከተማ አድርገው አቀኑ፤ በተንታና በደሴ አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ። በደሴ ያሠሩትም ታላቅ አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ ስሙም እንደሚያስረዳው ድኻውንና ጌታውን ሳይለይ ለግብር የሚቀበል ቤት ነበር።

በግንቦት 1901 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በደዌ ሳሉ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ፤ ይህን የሚያፈርስም ርጉም እንዲሆን በግዝት አሰሩት። ልጅ ኢያሱ የራስ ሚካኤል ልጅ ስለ ሆኑ የወሎ ኃይል ሁሉ ከአልጋው ጋር ተያያዘ። በ1903 ዓ.ም. እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞቱ፤ ሥልጣኑን ለመያዝ የሞከሩት ራስ አባተ ቧያለውም ኋላ ተይዘው በመቅደላ አምባ ታሰሩ። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፥ በግንቦት 23 ቀን በዚያው ዓመት ራስ ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው በደሴ ዘውድ ጫኑ።

ንጉሥ ሚካኤል የሚነቀፉበት ሥራ ይህ ነው። ለልጃቸው መደገፋቸው የአባት ወግ ነው፤ ነገር ግን የሸዋን መኳንንት በምክር ሳያስማሙ፥ ልጅ ኢያሱም ዋና ከተማውን ትተው በየጠረፉ ሲውሉና ሲያድሩ ሳይመልሱ፥ የዘውዱን ክብር በአንድ ቤት ኃይል ብቻ ለማቆም መድከማቸው የተቀየመውን ሁሉ ከአንድ ወገን ሰበሰበው።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቻቸው ክርክሩን በዚህ እውነተኛ ነቀፌታ አላቆሙትም። ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ወሬ በየገበያውና በየደጀ ሰላሙ ተነዛ፤ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ነው እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ከዚያ ውስጥ በእጅ የተቀነባበረ እንደ ነበረበት ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ያምናሉ። ዘመኑም የአውሮፓ ታላቅ ጦርነት ስለ ነበረ የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች ልጅ ኢያሱ ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ ያዘነብላሉ ሲሉ በመስከረም መጀመሪያ 1909 ዓ.ም. አቤቱታ አቀረቡ። የወሎም ሕዝብ ድጋፍ የዜጋ ድጋፍ መሆኑ ቀርቶ የእስላም ወገን ተብሎ ተቈጠረ። በቦሩ ሜዳ በመንግሥት ትእዛዝ የተጠመቀው ሰው፥ አብያተ ክርስቲያናት ካሠራ በኋላ እንኳ፥ በጥምቀቱ ተጠረጠረ።

በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል፥ መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከቀድሞው መሐላ ፈቱት። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ራስ ተፈሪ ያገቡት የንጉሥ ሚካኤልን የልጅ ልጅ ወይዘሮ መነንን ነበርና ጦርነቱ በአንድ ቤተ ሰብ መካከል ገባ።

ንጉሥ ሚካኤል ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። በጥቅምት 9 ቀን በቶራ መስክ ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በዚያ ወደቁ። በጥቅምት 17 ቀን ግን በሰገሌ ከሸዋ ሠራዊት ሁሉ ጋር ተገናኝተው እጅግ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ድል ሆኑ፤ ተማርከውም ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ በእስር ሳሉ ሞቱ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለሹማምንትም ለካህናትም ሁለት ነገር ያስተምራል። ፊተኛው፥ ባላንጣን በሥራው መንቀፍ የተገባ ነው፤ ልጅ ኢያሱ በአስተዳደር ጉድለት ቢከሰሱ ማስረጃ አይታጣም ነበር። ነገር ግን ደጋፊውን በሃይማኖቱና በአገሩ መንቀፍ ክርክሩን ከአንድ ሰው ላይ አንሥቶ በሕዝብ ላይ ይጥለዋል። የተሻረው አንድ ሰው ሲሆን የተነቀፈው ወሎ በሙሉ ሆነ፤ በሰገሌም የሞቱት ከሁለቱም ወገን የኢትዮጵያ ገበሬዎች ናቸው። ሁለተኛው፥ በ1901 ዓ.ም. በግዝት የታሰረው ሕዝብ በ1909 ዓ.ም. ከዚያው ተፈትቶ በሌላ ታሰረ። ግዝት ለወገን መሣሪያ የሆነ እንደ ሆነ ሰው መፍራቱን ይተዋል፤ መሐላ ካልተፈራም ዳኝነትም ቃል ኪዳንም የሚቆምበት መሠረት አይገኝም።

ንጉሥ ሚካኤል ያቀኑት ከተማ ከእርሳቸውም ከጠላቶቻቸውም በኋላ ቆይቶአል። ሰው በወገኑ ብዛት ለጊዜው ይከብራል፤ ኋላ የሚመሰክርለት ግን ሠርቶ ያቆየው ነው። ሥልጣን የሚሻም ሁሉ ባላንጣውን ከመንቀፉ አስቀድሞ ነቀፌታው ነገ በማን ላይ እንደሚወድቅ ቢመረምር ይገባዋል።