አረብኛ ሳያውቁ መጥተው ለጅዳ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የከፈቱት ንግሥት ዒፈት

እህቴ፣ ማለዳ ተነስተሽ የማዳምሽን ሴት ልጆች ፀጉር አበጥረሽ፣ ዩኒፎርማቸውን አልብሰሽ፣ ምሳቃቸውን በቦርሳቸው ከተሽ ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛቸው ይሆናል። ዛሬ በጅዳም በመካም ይህ የየዕለት ነገር ነው። ከ70 ዓመት በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። ያኔ አብዛኛዋ የጅዳ ልጃገረድ ትምህርት አገኘች ከተባለ፣ በአንዲት አስተማሪ ሴት ቤት ቁጭ ብላ ቁርኣን መቅራት ነበር። ይህ እንዲለወጥ ከደከሙት ሰዎች አንዷ እንደ አንቺው ከሌላ አገር የመጡ፣ ሲመጡም አረብኛ የማይችሉ ሴት ናቸው። ዒፈት ይባላሉ። ስማቸው ለእኛ ጆሮ የሸዋውን ኢፋት ያስታውሳል፤ በአረብኛ ግን ንጽሕናና ጨዋነት ማለት ነው። ታሪካቸውን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዒፈት የተወለዱት በ1916 ኢስታንቡል ውስጥ ነው። ዘራቸው ከሳዑድ ቤተሰብ ቅርንጫፍ፣ ከሱነያን ወገን ነው፤ ያ ወገን ግን ወደ ቱርክ ሄዶ እዚያው ኖሮ ነበር። ዘሩ የመሳፍንት ይሁን እንጂ ኑሮው የመሳፍንት አልነበረም። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ከተማዋም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በውጭ ወታደሮች ተይዛ ነበር። 12 ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ፣ በ1928፣ የቱርክ መንግሥት የአረብኛውን ፊደል ትቶ በላቲን ፊደል ጻፉ አለ። ማንበብ የለመደ ሁሉ እንደገና ከሀ ሁ ጀመረ። ልጅቱ ዒፈትም እንደዚሁ። ያለቀ የሚመስል ትምህርት እንደገና ሊጀመር እንደሚችል ያን ጊዜ ሳያዩ አልቀሩም።

ወደ መካ የመጡት በወጣትነታቸው፣ ከአክስታቸው ጋር ለሐጅ እንደሆነ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ሒጃዝን፣ ማለትም መካን፣ ጅዳንና አካባቢውን፣ ለአባታቸው ለንጉሥ አብዱልአዚዝ የሚያስተዳድሩት ልዑል ፈይሰል ነበሩ። ሁለቱ በ1932 ተጋቡ። አገሪቱም የሳዑዲ አረቢያ መንግሥት የሚለውን ስም ያገኘችው በዚያው ዓመት ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቢ። ውሃ ለመጠየቅ ሞያ ማለት እንዳለብሽ የተማርሽበትን የመጀመሪያ ሳምንት ታስታውሺያለሽ? አንዲት የ16 ዓመት ሙሽራ በሰው አገር፣ በትልቅ ቤት፣ በማታውቀው ቋንቋ መካከል ስትገባም ያው ነው። ዒፈት አረብኛን እዚሁ፣ ከቤቱ ሰዎች ጋር እየኖሩ ተማሩት። ቋንቋውን ሳይዙ ማንንም ማሳመን እንደማይቻል ያወቁ ይመስላል፤ ትምህርት ቤት የመክፈቱ ሥራ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና።

ዒፈት 9 ልጆች ወለዱ፤ 5 ወንዶችና 4 ሴቶች። ወደ ሥራው ያስገባቸውም ከራሳቸው ጓዳ የተነሳው ጥያቄ ነው፤ እነዚህ ልጆች የት ይማሩ? በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ከመካ በላይ ባለችው ተራራማ ከተማ በጣኢፍ፣ ሞዴል ትምህርት ቤት ተከፈተ። የወንዶቹ ነገር በዚህ መልክ ተያዘ። የሴቶቹ ግን ከባድ ነበር። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ መማሯ ያበላሻታል ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ።

ዒፈት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ክርክር አልገጠሙም። በ1955 ጅዳ ውስጥ ዳር አል ሐናን የተባለ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትርጉሙ የርኅራኄ ቤት ነው። ሲከፈት የቀረበውም የቲም ልጃገረዶች የሚያድጉበትና የሚማሩበት ቤት ሆኖ ነው። የቲምን መርዳት አጅር ያለው ሥራ ነው፤ ማን ይቃወማል? በጥቂት ልጆች ተጀመረ። መምህራኑ ከግብፅና ከሌሎች አረብ አገሮች መጡ። ቀስ በቀስ ግን እናትና አባት ያላቸውም ልጆች መምጣት ጀመሩ፤ ልጆቹ ሲያነቡ፣ ሲጽፉ፣ ጨዋነታቸውም እንዳለ ሲሆን ጎረቤት አየ። ጎረቤት ካየ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገም። በእኛም አገር እቴጌ መነን አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1931 ነው፤ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው ነው። ሴት ልጅን ማስተማር በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር ማዶም ወዲህም አዲስ ነገር ነበር።

አንድ ትምህርት ቤት ግን ለአንድ አገር አይበቃም። በ1960 መንግሥት የሴቶችን ትምህርት የሚመራ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የሚፈሩት ሰዎች እንዲረጋጉም ሥልጣኑ ለሃይማኖት ሊቃውንት ተሰጠ። ተቃውሞው ግን ወዲያው አልበረደም። በ1963 በቡረይዳ ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት ሲከፈት ነዋሪዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ፈይሰል ጥበቃ ልከው በሩ ክፍት እንዲሆን አደረጉ። ልጁን እንዲልክ የተገደደ ሰው ግን አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚያው ሰዎች ተጨማሪ ትምህርት ቤት ጠየቁ ይባላል።

ፈይሰል በ1964 ነገሡ። በሳዑዲ የንጉሥ ሚስት ንግሥት የመባል ልማድ የላትም፤ ዒፈትን ግን ሕዝቡ ንግሥት አላቸው። ቀጣዩ ችግር የመምህራን ነበር፤ ሁልጊዜ ከውጭ እያስመጡ መቀጠል አይቻልም። በ1970 ሪያድ ውስጥ ሴቶች ለመምህርነት የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ተከፈተ። በ1975 ንጉሥ ፈይሰል በሰው እጅ ተገደሉ። ዒፈት ባላቸውን ቀበሩ፤ ሥራቸውን ግን አላቆሙም። በ1999፣ ዕድሜያቸው ከ80 ካለፈ በኋላ፣ ጅዳ ላይ የሴቶች ኮሌጅ አቋቋሙ። በየካቲት 2000 አረፉ። ኮሌጁ በ2009 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

እህቴ፣ እሳቸው ገንዘብም ሥልጣን ያለው ባልም ነበራቸው፤ እኔ ምን አለኝ ትይ ይሆናል። እውነትሽን ነው። የእሳቸው ቤት ሠራተኞች የነበሩበት ቤት ነው፤ አንቺ ደግሞ ሠራተኛዋ ነሽ። ይህን ልዩነት ማንም አይክደውም። ነገር ግን ገንዘብ ያላቸው ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ትምህርት ቤት አልከፈቱም። የእሳቸው አካሄድ ለየት ያለ ነው። ችግሩን ከራሳቸው ቤት አገኙት፣ በትንሹ ሞከሩት፣ ውጤቱን ለሰው አሳዩ፣ ከዚያ አሰፉት፤ ቀጥሎ የሚጎድለውን አይተው ደግሞ እሱን ያዙ።

ዛሬ ይህ አካሄድ ራሱ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ርዕሰ መምህራንና የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች ሥራቸውን ሳይለቁ የሚማሩት፣ በትምህርት ቤቶች አመራር ላይ ያተኮረ የዶክትሬት ትምህርት አለ። ተማሪው በመጽሐፍ ብቻ አይመረቅም። ልጃገረዶች ከ7ኛ ክፍል ለምን ይቀራሉ የሚለውን ዓይነት የራሱን ትምህርት ቤት ችግር ይዞ ይገባል፤ መፍትሔውን እዚያው ይሞክራል፤ የሠራውንና ያልሠራውን ጽፎ ያቀርባል። ዒፈት ይህን ዲግሪ አልያዙም፤ ሥራውን ግን ከጣኢፍ እስከ ጅዳ ከ50 ዓመት በላይ ሠርተውታል።

አንቺም በየወሩ ብር ስትልኪ የአንዲት ታናሽ እህት ወይም የአንዲት ልጅ ትምህርት በእጅሽ ነው። ብሩን መላክ ግማሹ ሥራ ነው። ግማሹ መጠየቅ ነው። ካርዷን ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። የክፍል ኃላፊ መምህሯን ስልክ ተቀበይ፤ ስንት ቀን እንደቀረች፣ በየትኛው ትምህርት እንደደከመች ጠይቂ። ውሃ ለመቅዳት ወይም ሕፃን ለመያዝ ከሆነ የምትቀረው፣ ከምትልኪው ላይ ለዚያ የሚሆን ለይተሽ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ። በመንደራችሁ አንዲት ልጅ 12ኛ ክፍል ስትጨርስ ጎረቤት ያያል። ጎረቤት ካየ ደግሞ የእሱም ልጅ ትከተላለች።

ስለ ራስሽም አትርሺ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠሽ መጥተሽ ከሆነ፣ የምስክር ወረቀትሽ የት እንደተቀመጠ ዛሬ ለቤት ደውለሽ ጠይቂ። ስትመለሺ በማታ ትምህርት ለመቀጠል መጀመሪያ የምትጠየቂው እሱን ነው። አረብኛውን ደግሞ ጀምረሽዋል። ነገ ጠዋት ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ከደብተራቸው ላይ አንዲት ቃል እንዲያነቡልሽ ጠይቂያቸው።