የክለብ አሠልጣኝ እንዴት ይመረጣል? የሄርበርት ቻፕማን የሕይወት ታሪክ



በዚህ እትም የምናቀርበው የአንድ እንግሊዛዊ የእግር ኳስ ሰው ታሪክ ነው። የሕክምና ትምህርት የምንከታተል ሆነን ሳለ ስለ ኳስ አሠልጣኝ እንድንጽፍ ያነሣሡን ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የውድድር ዘመን ባለቀ ቁጥር በተማሪዎች መካከል የሚነሣው ክርክር ነው። ይኸውም ትልቅ ምኞት ያለው ክለብ አሠልጣኙን ካሰናበተ በኋላ በቦታው ማንን ይተካ የሚለው ነው። አንዱ ስመ ጥር ሰው ይምጣ ይላል፤ ሌላው ወጣት ይሞከር ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ገንዘብ ካለ ማንም ቢመጣ ያሸንፋል ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው ምክንያት ሰውየው የሞተበት በሽታ ነው፤ ወደዚያ በመጨረሻው እንደርሳለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ልጅነቱና ተጫዋችነቱ

ሄርበርት ቻፕማን በጃኑዋሪ 19 ቀን 1878 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ ኪቭተን ፓርክ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በዚያ ዘመን የቆፋሪ ልጅ ዕጣ ፈንታው አባቱን ተከትሎ ጉድጓድ መውረድ ነበር፤ እሱ ግን ትምህርቱን ገፍቶ በሼፊልድ ከተማ የማዕድን ምሕንድስና ተማረ። ይህ ትምህርት በኋላ ኑሮው ላይ ምልክቱን ጥሎ እንዳለፈ እንገምታለን። ቻፕማን ቡድንን የሚያየው አንድ መሐንዲስ ማሽንን እንደሚያይ ነበርና፤ እያንዳንዱ ክፍል ለምን ሥራ እንደተቀመጠ ሳያውቅ አያልፍም።

ተጫዋችነቱ ግን ብዙ የሚወራለት አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ሃሪ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር በ1903 እና በ1904 የሊግ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሄርበርት ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖረ። ግሪምዝቢ፣ ኖርዛምፕተን፣ ሼፊልድ ዩናይትድ፣ ኖትስ ካውንቲና ቶተንሃም ከተጫወተባቸው ክለቦች ጥቂቶቹ ናቸው። ጓደኞቹ በሜዳ ላይ በቀላሉ እንዲለዩት ቢጫ ጫማ ያደርግ እንደነበር ይነገራል። ታላቅ አሠልጣኝ ለመሆን ታላቅ ተጫዋች መሆን ግድ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

በ1907 ኖርዛምፕተን ታውን በተጫዋችነትና በሥራ አስኪያጅነት ቀጠረው። ያን ጊዜ ክለቡ የሳውዘርን ሊግ ግርጌ ላይ የተቀመጠ ነበር፤ በ1909 ግን የዚያው ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በ1911 ደግሞ ቻፕማን ዋልተር ተል የተባለውን ጥቁር ተጫዋች ከቶተንሃም አስመጣ። ተል በእንግሊዝ ሜዳ ላይ ከታዩት የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን፣ ከተመልካች ብዙ ስድብ የደረሰበት ሰው ነበር። ቻፕማን ያየው ቀለሙን ሳይሆን ችሎታውን ነው። ተል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመኮንንነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ በማርች 1918 በፈረንሳይ ግንባር ወደቀ።

እገዳው

በ1912 ቻፕማን ወደ ሊድስ ሲቲ ሄደ። ክለቡን ከውድቀት አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን አራተኛ ደረጃ ላይ አደረሰው። ነገር ግን ጦርነቱ ተነሣና ሊጉ ተቋረጠ። ቻፕማንም በ1916 በሊድስ አጠገብ ባርንቦው በተባለው ሥፍራ የጥይት ፋብሪካ ኃላፊ ሆነ።

ጦርነቱ እንዳበቃ ሊድስ ሲቲ በጦርነቱ ዓመታት ለእንግዳ ተጫዋቾች ከደንብ ውጭ ገንዘብ ከፍሏል ተብሎ ተከሰሰ። ክለቡ የሒሳብ መዝገቡን ለማስረከብ እምቢ ስላለ በኦክቶበር 1919 ከሊጉ ተባረረ። ተጫዋቾቹ በአንድ ሆቴል ውስጥ እንደ ዕቃ በጨረታ ተሸጡ፤ ኃላፊዎቹም፣ ቻፕማን ጭምር፣ ዕድሜ ልክ ከእግር ኳስ ታገዱ። ያን ጊዜ ቻፕማን ክለቡን ለቆ በአንድ የዘይት ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ይህንንም ሥራ አጣ። ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ስሙ ጠፍቷል፤ ሙያው ተዘግቶበታል።

እንግዲህ ስለ ምርጫ ስንነጋገር የመጀመሪያው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሐደርስፊልድ ታውን መሪዎች የሰሙትን ወሬ ትተው ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። ክፍያው ተፈጸመ በተባለበት ጊዜ ቻፕማን በክለቡ ቢሮ ሳይሆን በጥይት ፋብሪካው ነበር ብለው ተከራከሩለት፤ እገዳውም ተነሣለት። በ1921 የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

ሐደርስፊልድ የራግቢ ከተማ ነበረች። ክለቡም ከሁለት ዓመት በፊት በገንዘብ እጦት ከተማውን ለቆ ወደ ሊድስ ሊሄድ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቻፕማን ከአስቶን ቪላ ክሌም ስቲቨንሰንን አምጥቶ ቡድኑን በእሱ ዙሪያ ሠራ። በ1922 የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1924 እና በ1925 ተከታትሎ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የታገደው ሰው በአራት ዓመት ውስጥ የአገሩ አንደኛ አሠልጣኝ ሆነ ማለት ነው።

ማስታወቂያው

በዚያው ጊዜ ለንደን ውስጥ አርሰናል የሚባለው ክለብ በጭንቀት ላይ ነበር። ባለቤቱ ሰር ሄንሪ ኖሪስ በቤት ሥራ ንግድ የከበረና የፓርላማ አባል የነበረ ሰው ሲሆን፣ ክለቡን በ1913 ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ ወደ ሰሜን ለንደን፣ ወደ ሃይበሪ፣ ያዛወረው እሱ ነው። ብዙ ገንዘብ አፍስሶ አንድ ዋንጫ እንኳ አላየም። በ1925 ቡድኑ ከ22 ክለቦች 20ኛ ሆኖ ለጥቂት ከመውረድ ስለተረፈ ኖሪስ አሠልጣኙን አሰናበተ፤ በሜይ ወርም በስፖርት ጋዜጣ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ አወጣ። በማስታወቂያው ላይ፣ ጥሩ ቡድን የሚሠራው ተጫዋች በውድ ዋጋ በመግዛት ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንዳያመለክት አስጠነቀቀ።

ቦታውን ያገኘው ቻፕማን ነው። በዓመት 2,000 ፓውንድ ደመወዝ ተቆረጠለት፤ ይህም በሐደርስፊልድ ያገኝ ከነበረው እጥፍ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ትልቁ ነገር ግን ሥልጣኑ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ ክለቦች ቅዳሜ ማን እንደሚሰለፍ የሚወስኑት የቦርዱ አባላት ነበሩ፤ ቻፕማን ግን የቡድኑን ነገር ጠቅልሎ በእጁ ያዘ።

በዚያው ክረምት የኦፍሳይድ ደንብ ተለወጠ። ቀድሞ በአጥቂውና በግቡ መካከል ሦስት ተቃራኒ ተጫዋቾች እንዲኖሩ ይጠይቅ የነበረው ደንብ ወደ ሁለት ወረደ። ውጤቱ የጎል ጎርፍ ሆነ፤ በአንደኛው ዲቪዚዮን በአንድ የውድድር ዘመን 1,192 የነበረው የጎል ቁጥር በሚቀጥለው 1,703 ደረሰ። አርሰናልም በኦክቶበር 3 ቀን 1925 በኒውካስል 7 ለ 0 ተመታ። ከሰንደርላንድ የመጣው አጥቂ ቻርሊ ቡካን የመሐሉ ተጫዋች ወደ ኋላ ተስቦ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ። ቻፕማን ሐሳቡን ተቀበለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አርሰናል ዌስት ሃምን 4 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያም ቀስ በቀስ ደብልዩ-ኤም የሚባለው አሰላለፍ ተሠራ፤ ለብዙ ዓመታትም ብዙ የዓለም ቡድኖች ሲከተሉት ኖሩ። ሐሳቡ የተጫዋቹ ነበር፤ የአሠልጣኙ ድርሻ መስማትና ሐሳቡን ወደ ሥርዓት መለወጥ ነበር።

አምስት ዓመት

አርሰናል በ1926 ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ያለውን ውጤት እንቁጠረው፤ 11ኛ፣ 10ኛ፣ 9ኛ፣ 14ኛ። በ1927 ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ኳስ ከበረኛው እጅ ሾልካ በካርዲፍ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ቻፕማን ሲመጣ ቡድን ለመሥራት አምስት ዓመት እንደሚያስፈልገው ተናግሮ ነበር፤ ይህንንም ቃል ክለቡ አከበረለት። የደረጃ ሠንጠረዥ ብቻ የሚያይ መራጭ ግን በ1929 ባሰናበተው ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ምን ይሠራ ነበር? ሰው ይሰበስብ ነበር። ከትናንሽ ክለቦች ኤዲ ሃፕጉድንና ሄርቢ ሮበርትስን አገኘ። ሃፕጉድ ወተት አመላላሽ የነበረ ሲሆን፣ ዘወትር ጿሚ ይመስል ከሥጋ የራቀ ነበር፤ ቶም ዊተከር የጥብስ ሥጋ አስለምዶ ሰውነቱን አፈረጠመው። ይህ ዊተከር እኛን በተለይ የሚማርከን ሰው ነው። በ1925 ጉልበቱን ተጎድቶ ጨዋታ ሲያቆም ቻፕማን የሰውን አካል አሠራርና የጉዳት ሕክምናን እንዲማር ገፋፋው፤ በ1927 የቡድኑ ወጌሻ አደረገው። በሌላ ክለብ ውኃ በስፖንጅ እየረጩ ተጫዋች በሚያስነሡበት ዘመን፣ በሃይበሪ በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚሠራ የሕክምና ክፍል ነበር።

ማስታወቂያው ውድ ተጫዋች የሚገዛ አይምጣ ቢልም፣ በ1928 ዴቪድ ጃክን ከቦልተን ሲያመጣ ከ10,000 ፓውንድ በላይ በመክፈል የዓለም የመጀመሪያው አሠልጣኝ የሆነው ቻፕማን ነው። በድርድሩ ላይ ለእንግዶቹ ጠንካራ መጠጥ እያስቀዳ ለራሱ አልኮል የሌለበት ያስቀርብ እንደነበር ይተረካል። በ1929 አሌክስ ጄምስንና የአሥራ ሰባት ዓመቱን ክሊፍ ባስቲንን ጨመረ። ገንዘብ አወጣ ማለት እንግዲህ በጭፍን ገዛ ማለት አይደለም፤ ክፍተቱን ለይቶ፣ ለክፍተቱ የሚሆነውን ሰው መርጦ ነው የገዛው።

በኤፕሪል 26 ቀን 1930 አርሰናል በዌምብሊ 2 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ። የተሸነፈው ቻፕማን ራሱ የሠራው ሐደርስፊልድ ነበር። አምስቱ ዓመት ልክ ሞላ። በ1931 በ127 ጎል የሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከደቡብ እንግሊዝ ክለቦች የሊጉን ሻምፒዮንነት ያገኘ የመጀመሪያው ነው። በ1933 ደገመው። የሚያሳዝነው ማስታወቂያውን ያወጣው ኖሪስ ይህን ሁሉ የክለቡ መሪ ሆኖ አለማየቱ ነው፤ በክለቡ የገንዘብ አያያዝ ምክንያት በ1927 ታግዶ ነበርና።

ቻፕማን ከሜዳ ውጭም ዐይኑ ሩቅ ያይ ነበር። በ1928 ተጫዋቾቹን ቁጥር አስለብሶ አሰለፈ፤ በመብራት ሌሊት መጫወት እንደሚቻል ተከራከረ፤ የእግር ኳስ ባለሥልጣናት ግን ይህን የፈቀዱት ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1932 በስታዲየሙ አጠገብ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በክለቡ ስም እንዲጠራ አደረገ። በቀይ መለያው ላይ ነጭ እጅጌ የገባው በ1933 በእሱ ጊዜ ነው።

የሳንባ ምች

በ1934 መጀመሪያ አርሰናል ሊጉን ይመራ ነበር። በጃኑዋሪ 1 ቀን ቻፕማን አንድ ጨዋታ ለማየት ወደ ቤሪ ሄደ፤ በማግሥቱ የሚቀጥለውን ተቃራኒ ለማጥናት በሼፊልድ ተገኘ። ወደ ለንደን ሲመለስ ጉንፋን ይዞት ነበር። የክለቡ ሐኪም ከቤት እንዳይወጣ ቢመክረውም፣ የሦስተኛውን ቡድን ልጆች ሳላይ አልቀርም ብሎ ወደ ጊልፎርድ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሣም። በጃኑዋሪ 6 ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሳንባ ምች ሞተ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። በዚያው ቀን ቡድኑ በሃይበሪ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር ተጫውቶ 1 ለ 1 ተለያየ።

ዛሬ ይህን በሽታ በዋርድ ውስጥ ስናየው ደረቱን አዳምጠን፣ ራጅ አንሥተን፣ መድኃኒቱን እናዛለን። በ1934 ግን ሐኪም በአብዛኛው የሚያደርገው በአምስተኛውና በአሥረኛው ቀን መካከል ትኩሳቱ በድንገት ይወርድ እንደሆነ መጠበቅ ነበር። ፔኒሲሊን የተገኘው በዚያችው ለንደን በ1928 ነው፤ ነገር ግን ለበሽተኛ መሰጠት የጀመረው በ1941 ነው። ለሳንባ ምች የሚሆነው የሰልፋ መድኃኒትም የመጣው በ1938 ነው። ቻፕማን የሞተው መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ ውስጥ ተገኝቶ ገና ወደ ሰው ሳይደርስ ነው። ለወጌሻ ትምህርትና ለተጫዋች ጉልበት ያን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ የራሱን ሐኪም ምክር አለመስማቱ ሁላችንንም የሚያስተምር ነው።

ቀጣዩስ ማን ነበር?

ከሞቱ በኋላ ክለቡ ስመ ጥር ሰው ፍለጋ ወደ ውጭ አልሮጠም። እስከ ዘመኑ መጨረሻ ቡድኑን የያዘው የክለቡ ሰው ጆ ሾው ነበር፤ ከዚያም ከቦርዱ አባላት አንዱ የነበረው ጋዜጠኛ ጆርጅ አሊሰን ተተካ። ልምምዱን ሾውና ዊተከር ሲመሩ ሥርዓቱ ሳይፈርስ ቀጠለ። አርሰናል በ1934 እና በ1935 ሻምፒዮን ሆኖ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። ሐደርስፊልድም ቻፕማን ከለቀቀው በኋላ በ1926 እንዲሁ ሦስተኛውን አክሎ ነበር። ወጌሻው ዊተከር ደግሞ በ1947 ሥራ አስኪያጅ ሆኖ፣ ክለቡን በ1948 እና በ1953 ለሊግ ሻምፒዮንነት አበቃው።

ስለዚህ በክርክራችን ውስጥ ቀጣዩ ማን ይሁን ብለን ስም ከመጥራታችን በፊት ሌሎች ጥያቄዎች እንዲቀድሙ እናሳስባለን። የሚመጣው ሰው የሠራው ሥራ በወሬ ነው ወይስ በምርመራ የታወቀው? ሥልጣኑ ይሰጠዋል? ስንት ዓመት ይታገሡታል? ሲሄድስ ሥራውን የሚይዝ ሰው አሠልጥኖ ይተዋል? ቻፕማን የጀመረውን ሦስት ተከታታይ ሻምፒዮንነት በሁለቱም ክለብ ቆሞ አልፈጸመውም፤ በሁለቱም ክለብ ግን ተፈጽሟል።