ሆርሄ ቻቬስ፤ ተራራውን ተሻግሮ ሜዳ ላይ የወደቀው አብራሪ

ስለ አይሮፕላን ሲነገር ብዙ ሰው የሚያደንቀው ከፍ ብሎ መውጣቱን ነው። አብራሪ ክፉኛ የሚፈተነው ግን መሬት ሲቀርበው ነው። የሆርሄ ቻቬስ አጭር ሕይወት ይህንኑ ያስረዳናል።

ቻቬስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ከፔሩ ተወላጆች ፓሪስ ላይ ተወለደ። በዚያው አገር ምሕንድስና ተማረ፤ በስፖርትም ብርቱ ጐልማሳ ነበረ። መብረር የጀመረው በ1910 መጀመሪያ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ከ2,500 ሜትር በላይ ወጥቶ የዓለምን የከፍታ ሬኮርድ ያዘ።

ወዲያውም ማንም በአይሮፕላን ያልተሻገረውን የአልፕስን ተራራ ሊሻገር ቈረጠ። በመጀመሪያው ሙከራ ነፋሱ አስቸግሮት ተመለሰ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1910 ግን ከስዊስ ከተማ ከብሪግ ተነሥቶ፥ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የሲምፕሎንን በር አልፎ፥ በ40 ደቂቃ ገደማ ኢጣልያ ውስጥ ዶሞዶሶላ ደረሰ። የነዳው ብሌርዮ የተባለው፥ ከእንጨት፥ ከሸራና ከሽቦ የተሠራ ትንሽ አይሮፕላን ነበረ። ሕዝቡ በደስታ ሲጠብቀው፥ ሊያርፍ 10 ሜትር ያህል ሲቀረው ክንፎቹ ታጠፉና ወደቀ። ሁለት እግሮቹ ተሰበሩ፤ ከ4 ቀን በኋላም በ23 ዓመቱ ሞተ።

ብዙዎች ለጀግናው አለቀሱ፤ ሐውልትም አቆሙለት። ለኋለኞቹ አብራሪዎች ሕይወት የጠቀመው ግን ምርመራ ነው። በነዚያ ዓመታት ክንፋቸው እየታጠፈ የወደቁ ሌሎችም ነበሩ። ከክንፉ በታች ያሉት ሽቦዎች በበረራ ጊዜ ወደ ላይ የሚያነሣውን ኃይል ይችላሉ፤ ከላይ ያሉት ደግሞ ክንፉን ወደ ታች የሚጫነውን ይይዛሉ። በ1912 ሠሪው ሉዊ ብሌርዮ ራሱ የላይኞቹ ሽቦዎች ደካማ መሆናቸውን ሳይደብቅ ለፈረንሳይ ጦር ሠራዊት አስታወቀ። ሠራዊቱም ባለ አንድ ረድፍ ክንፍ አይሮፕላኖቹን ለጊዜው ከበረራ አገደ። በገዛ ሥራው ላይ እንዲህ ያለ ምስክርነት መስጠት፥ ተራራ ከመሻገር የማያንስ ጀግንነት ነው።

የቻቬስ ዐፅም በ1957 ወደ ፔሩ ተወሰደ። የሊማ አይሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። ማረፍ ሳይሆንለት በሞተው ሰው ስም፥ በየቀኑ ብዙ ሺሕ መንገደኞች በሰላም ያርፉበታል። እኛም ተማሪዎች፥ ነገ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ስንሆን፥ ለወደቀው ከማልቀስ ጋራ የወደቀበትን ምክንያት መጠየቅ እንልመድ።