ሙሴ ኢልግ እና የ1894 ዓመት

ለዚህ የመገናኘት በዓላችን መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፍ ስባል፣ ጓደኞቼ ስለ ካዎ ጦና የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እሳቸውም ይመጣሉ። የመረጥኩት ግን አንድ ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ አልፍሬድ ኢልግን። አገሬው ሙሴ ኢልግ ይለው ነበር።

ስሙን መጀመሪያ ያየሁት ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ነው። ለፈተና ላጠና ገብቼ፣ ፈተናውን ትቼ እሱን ሳነብ አመሸሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢልግ በ1854 ጀርመንኛ በሚነገርበት የስዊዘርላንድ ክፍል፣ ፍራወንፌልድ ከተማ ተወለደ። ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተማረ። በ1879፣ በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ፣ ከሁለት ሙያተኛ የአገሩ ልጆች ጋር ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንኮበር ገባ።

ከእሱ በፊትም ጀርመንኛ ተናጋሪዎች እኛ ጋ ነበሩ። በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ላይ መድፍ ከሠሩት ሙያተኞች አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የመጡ ናቸው። አውስትራሊያ የሄዱት ጀርመኖች ሃንዶርፍን የመሰለ መንደር መሥርተው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውና በትምህርት ቤታቸው ቋንቋቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ኖረዋል። እኛ ጋ የመጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ጀርመንኛው ከቤት ውጭ አያሠራቸውም። ኢልግም አማርኛውን አቀላጥፎ ቻለ። በ1895 ፋኒ ጋቲከር የምትባል የዙሪክ ልጅ አግብቶ አዲስ አበባ ላይ ልጆች አሳደገ።

ንጉሡ መጀመሪያ ካዘዙት ሥራ አንዱ ጫማ ነበር ይባላል። መሐንዲስ ነኝ እንጂ ጫማ ሰፊ አይደለሁም ብሎ አልተኮፈሰም፤ ሠራ። ቀጥሎ በአዋሽ ላይ ድልድይ ዘረጋ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ደግሞ ከእንጦጦ በቧንቧ ውሃ አውርዶ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት አወጣ። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው በራሱ ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ለእኛ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው፤ ለዘመኑ ሰው ግን ተአምር ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በመጋቢት 1894 ምኒልክ ለኢልግ የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ሰጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦራቸው ወላይታ ዘመተ። ካዎ ጦና ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ፣ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ስንት ሰው እንደሞተ፣ ስንት ሰውና ከብት እንደተነዳ እዚህ ያደገ ሁሉ ከቤቱ ሰምቶታል። አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ስታወራ ድምጿ ዝቅ ይል ነበር። ኢልግ ደግሞ ለምኒልክ ከአውሮፓ መሣሪያ በማስገዛትም ያገለገለ ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የማደንቀው? እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ዓመታት ስሙን ማንሳት ትቼ ነበር። የመለሰኝ ሥራዬ ነው። ተመርቄ ወላይታ ውስጥ በአንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ስሠራ፣ አንድ ሽማግሌ ውሃ ሽቅብ አይሄድም ብለው ተከራከሩኝ። ጎማ ቱቦ አምጥቼ፣ አንዱን ጫፍ ከፍ ያለ በርሜል ውስጥ ነክሬ አሳየኋቸው። ሳቁ። ከዚያ ግን ቦኖው ማን ደጃፍ እንደሚቆም ጠየቁኝ። ቦኖው የተሳለው ባለሥልጣን ቤት አጠገብ ነበር። ሽማግሌው ቱቦው እንዴት እንደሚሠራ ገብቷቸዋል፤ የጨነቃቸው ለማን እንደሚሠራ ነው። በማግስቱ ንድፉን ይዤ ተሟገትኩ፤ ቦኖው ወደ ገበያው መንገድ ተዛወረ።

ያን ቀን ኢልግን እንደገና አሰብኩት። ሙያውን አደንቃለሁ፤ ያገለገለው ኃይል በእኛ ላይ ያደረሰውንም አልረሳም። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1897፣ ምኒልክ የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። ሐዲዱ ግን ያሰበውን ያህል አልሆነለትም። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፣ የፈረንሳይ መንግሥት እጅ ሲገባበት ምኒልክ ተቆጡ፣ ሥራው ቆመ። ኢልግ በ1906 ወደ አገሩ ሄደ፣ በዓመቱም ሥራውን ለቀቀ። ጥር 7 ቀን 1916፣ በእኛ ገና ዕለት፣ ዙሪክ ላይ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በዓመቱ፣ በ1917 ነው። የጀመረውን አላየውም። ያነሳቸው የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች ግን ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ዛሬም አሉ።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ውሃ ግፊት ስታስተምሩ የኢልግን ቧንቧ አንሱ። በዚያው ክፍለ ጊዜ 1894 ወላይታ ላይ የሆነውንም ንገሯቸው። ልጆቹ ስሌቱን ከጨረሱ በኋላ ቦኖው ማን ደጃፍ እንደሚቆም መጠየቅ ይልመዱ።

እናንተ የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ፣ ዳሞታ ሥር ስንገናኝ ጨዋታው ከዚህ ይቀጥላል። በሰላም ያገናኘን!