ሺሊንግን ያስወጡት ይልማ ደሬሳ

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ማር ገዝታችሁ በቴሌብር ስትከፍሉ ገንዘቡ የማን ነው ብላችሁ አትጠይቁም አይደል? በ1933 ግን ጥያቄው ትልቅ ነበር። ጣልያን ሲባረር እንግሊዞች ከኬንያም ከሱዳንም ገቡ፤ ገንዘባቸውንም ይዘው። የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ መልክ ያለበት፣ አንድም የአማርኛ ፊደል የሌለበት የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ነፃ በወጣ አገር ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። ሊሬውም ጠገራ ብሩም አብሮ ይዞራል።

ይልማ ደሬሳ ያኔ ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር ናቸው። የወለጋ ልጅ ናቸው፤ ለንደን ኢኮኖሚክስ ተምረዋል፤ ጣልያን ሲወር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ። አሁን የተሰጣቸው ሥራ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ገንዘቧን ራሷ የማታትም አገር ካዝና መጠበቅ። ሺሊንጉን የሚያዘው ቦርድ ያለው ለንደን ነው። በጥር 1934 ስምምነት እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ትሰጣለች፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰጪው ደግሞ አማካሪዎቹንም አብሮ ይልካል።

በ1935 ይልማ ለምግብና እርሻ ጉባኤ አሜሪካ ሄዱ። ጉባኤው ሲያልቅ ግን ዝም ብለው አልተመለሱም፤ የአገሪቱን ጥያቄዎች ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አቀረቡ። በዚያው ነሐሴ የእርዳታ ስምምነት ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ወረቀት ማሳተም ቀላል ነው፤ ገበሬውና ከብት አርቢው ይቀበለዋል ወይ? ሕዝቡ ለዘመናት የሚያምነው ጠገራውን ነው፤ የሚመዘን፣ ሲወድቅ የሚጮኽ ብር። ስለዚህ ከወረቀቱ ጎን እውነተኛ የብር ማዕድን ያለበት የ50 ሳንቲም ዲናር አስፈለገ። ማዕድኑም በዚያው በአሜሪካ እርዳታ በኩል ተገኘ።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 አዲሱ ብር ወጣ። ሁለት ሺሊንግ ያመጣ አንድ ብር ይወስዳል። ወረቀቱ ላይ የፈረሙት የመንግሥት ባንኩ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ናቸው፤ የይልማ ስም የለበትም።

በኋላ አምባሳደርም ሆኑ፣ ለብዙ ዓመታትም የገንዘብ ሚኒስትር። የኢትዮጵያን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክም ጽፈዋል (መቼ ጊዜ እንዳገኙ እንጃ)። ደርግ ሲመጣ ታሰሩ። ካረፉ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ያ የ50 ሳንቲም ዲናር አያታችሁ ሣጥን ውስጥ ካለ አትሽጡት፤ ፎቶ አንሱና ላኩልን።